ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ በዌስት ሴንት ፖል የተደረገ ንግግር)



እኛ ኢትዮጵያውያን ለፈረስ ያለን ፍቅር ከስም ይጀምራል። አፄ ቴዎድሮስን አባ ታጠቅ፣ አፄ ምኒልክን አባ ዳኘው፣ ራስ አሉላን አባ ነጋ ያልናቸው በፈረሳቸው ስም ነው።

መጽሐፍ ቅዱስም ፈረስን ያደንቃል። በኢዮብ ምዕራፍ 39 ጉልበቱን፣ ጋማውን፣ መለከት ሲሰማ የሚያሳየውን ድፍረት የሚዘረዝረው ራሱ ፈጣሪ ነው። ሆኖም በዘዳግም 17 ንጉሥ ፈረስ እንዳያበዛ ታዟል፤ በምሳሌ 21ም ፈረስ ለጦርነት ቢሰናዳ ድሉ ከእግዚአብሔር እንደሆነ እንማራለን። አባቶቻችን ይህንኑ «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም» አሉት። በ1888 ዓ.ም. ወደ ዓድዋ ሲዘምቱም የጊዮርጊስን ታቦት ይዘው ነበር።

በአዊ፣ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ያከብራል። ግልቢያው ልብ ይማርካል። ማኅበሩን ያቆየው ግን የተጣላን ማስታረቁ፣ በሐዘንና በሠርግ መድረሱ ነው።

እኛም ብዙዎቻችን በዚህ ከተማ ታክሲ ነድተን እናድራለን። የሞተሩ አቅም እንኳ የሚለካው በፈረስ ጉልበት ነው። መኪናው ሥራ ያደርሰናል፣ ቤት ይመልሰናል። የታመመ የሚጠይቅ፣ የሞተ የሚቀብር፣ ለልጆቻችን ፊደል የሚያስቆጥር ግን ሰው ነው። ስለዚህ 11ኛውን ዓመት ስንጀምር፣ ለድግሱ እንደመጣን ለስብሰባውም እንምጣ፤ መዋጮውንም በጊዜው እንክፈል።