ጆን ዎልና በፍጥነት ላይ የቆመው ቡድን
በቅርጫት ኳስ ፖይንት ጋርድ የሚባለው ተጫዋች ኳሱን ከኋላ ይዞ የሚወጣና ማን፣ መቼና ከየት እንደሚወረውር የሚወስን የጨዋታ መሪ በመሆኑ፣ የሚመዘነው ራሱ በሚያስቆጥረው ነጥብ ብቻ ሳይሆን እንዲያስቆጥሩ ለጓደኞቹ በሚያቀብላቸው ኳሶችም ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ዋሽንግተን፣ ዊዛርድስ የተባለው ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 በአዳዲስ ተጫዋቾች ምርጫ አንደኛ አድርጎ የወሰደው ጆን ዎል ይህን ኃላፊነት ለዓመታት የተሸከመ ሲሆን፣ በ2016/17 የውድድር ዘመን በአማካይ በየጨዋታው 23.1 ነጥብ አስቆጥሮ 10.7 ለነጥብ የበቁ ኳሶችን አቀብሏል። ይሁን እንጂ አጨዋወቱ ከሞላ ጎደል በእግሩ ፍጥነት ላይ የተመሠረተ ነበር፤ ከሩቅ የሚወረውረው ኳስ ተከላካዮችን እምብዛም አያሠጋም ነበር። ቡድኑ በ2017 ለአራት ዓመታት 170 ሚሊዮን ዶላር የሚያስገኝ ውል አስፈረመው፤ በ2019 ግን የተረከዙ ጅማት በመበጠሱ አዲሱ ውል የጀመረበትን የውድድር ዘመን ሙሉ በሙሉ ሳይጫወት አሳለፈ፤ በ2020 መጨረሻም በራስል ዌስትብሩክ ተለውጦ ወደ ሂውስተን ሄደ። የቡድኑ ስሕተት ተጫዋቹን ማክበሩ አልነበረም፤ ፍጥነቱ ሲቀንስ ምን እንደሚተካው አስቀድሞ አለመመዘኑ ነው። ስለዚህ በደምበጫም ሆነ በደብረ ማርቆስ ታዳጊዎችን የሚያሠለጥኑ ሁሉ ፈጣኑን ልጅ ከሩቅ መወርወርንም ያስተምሩት።