በውርስ ወርቅ ላይ የተመታ ምልክት ምን ይመሰክራል?

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የምናገረው ስለ ወርቅ ምልክቶች ነው። ርዕሱ ሲሰሙት ጠባብ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከእናት ወይም ከአያት የወረደ ጌጥ ለልጆች በሚከፋፈልበት ጊዜ፣ በቀለበት ውስጠኛ ገጽ ላይ የተመታች ከስንዴ ቅንጣት ያነሰች ምልክት የቤተ ዘመድን ሰላም ልታጸና ወይም ልታናጋ ትችላለች። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ሁለት እኅትማማቾች እያንዳንዳቸው 40 ግራም የሚመዝን አምባር ወረሱ እንበል። በሚዛን ላይ ድርሻቸው እኩል ነው። ነገር ግን የአንደኛዋ አምባር 875፣ የሁለተኛዋ ደግሞ 375 የሚል ቁጥር ቢኖረውና ቁጥሩም እውነተኛ ቢሆን፣ ለመጀመሪያዋ 35 ግራም ንጹሕ ወርቅ ሲደርሳት ለሁለተኛዋ የደረሳት 15 ግራም ብቻ ነው። ክፉ ያሰበ ሰው ሳይኖር ድርሻው ተዛባ ማለት ነው። ይህን አስቀድሞ ሊያይ የሚገባው ደግሞ ጌጡ በእጁ የገባ ባለሙያ ነው።

የቁጥሮቹ ሒሳብ ቀላል ነው። ንጹሕ ወርቅ 24 ካራት ይባላል። ካራቱን ለ24 አካፍለን በ1,000 ስናባዛው ከሺህ እጅ ስንቱ ወርቅ እንደ ሆነ እናገኛለን። በዚህም 22 ካራት 916፣ 21 ካራት 875፣ 18 ካራት 750፣ 9 ካራት 375 ይሆናል። 14 ካራት በትክክል ሲሰላ 583 ሲሆን፣ ዛሬ በብዙ አገር የሚመታው 585 ተብሎ ነው።

ሒሳቡ ቀላል ቢሆንም ቁጥሩን ማመን ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ምልክት ምስክር ነው። ምስክር ቃሉን በሰጠ ጊዜ እንደሚጠየቅ ሁሉ ምልክትም ሊጠየቅ ይገባል። እኔ ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ።

የመጀመሪያው ጥያቄ፣ ምልክቱን የመታው ማን ነው? የሚል ነው። በእንግሊዝ አገር በ1300 በንጉሥ ኤድዋርድ ቀዳማዊ ዘመን በወጣው ሕግ መሠረት የተፈተነ ሥራ የነብር ራስ ምልክት እንዲመታበት ታዘዘ። በ1478 ፈታኙ በለንደን የወርቅ ሠሪዎች አዳራሽ ውስጥ ሥራውን ያዘ። እንግሊዞች የጥራት ማኅተምን «የአዳራሽ ምልክት» የሚሉትም ከዚህ የተነሣ ነው። የበርሚንግሃም ፈታኝ ቤት ከ1773 ጀምሮ መልሕቅን ምልክቱ አድርጓል። እዚህ ላይ የሚመሰክረው ከሠሪውም ከሻጩም የተለየ ሦስተኛ ወገን ነው። በፈረንሳይም ከ1838 ጀምሮ የንስር ራስ የ18 ካራት ወርቅ ማረጋገጫ ሆኖ አገልግሏል።

በኢጣልያ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነው። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት ሠሪው ራሱ ኮከብ፣ የተሰጠውን ቁጥርና የአውራጃውን የላቲን ፊደላት ይመታል፤ ለአሬዞ «ኤ አር»፣ ለቪቼንዛ «ቪ አይ» እንደሚባለው ማለት ነው። በአሜሪካም በ1906 የወጣው ሕግ ሠሪውን በጻፈው ቁጥር ተጠያቂ ያደርገዋል እንጂ የመንግሥት ፈታኝ አላቆመም። የሠሪ ቃል ዋጋ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም፤ ነገር ግን ስለ ራሱ የሚመሰክርና ስለ ሌላው የሚመሰክር ሰው ቃል በእኩል እንደማይመዘን ሁላችንም እናውቃለን።

ምልክት የመታውን አገር ብቻ ሳይሆን ዘመኑንም ይናገራል። በሶቪዬት ኅብረት የተማሩ ወገኖቻችን ይዘዋቸው ከመጡት ቀለበቶች መካከል 583 የሚል ቁጥር፣ በአጠገቡም መዶሻና ማጭድ ያለበት ኮከብ ቢገኝ፣ ያ ኮከብ ከ1958 ወዲህ የተመታ ነው። የእንግሊዝ ጌጥ ላይ 15 እና 625 የሚሉ ቁጥሮች ከተገኙ ደግሞ ሥራው ከ1854 እስከ 1932 ባለው ጊዜ ውስጥ የተሠራ ነው፤ የ15 ካራት ደረጃ በዚያ አገር የተፈቀደው በዚያ ዘመን ብቻ ነበርና። ከዓረብ አገሮች የሚመጣው ወርቅ ብዙውን ጊዜ 21 ወይም 22 ካራት ሲሆን፣ ቁጥሩ በዓረብኛ አኃዝ የተጻፈ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ምልክቱ የተመታው በየትኛው ክፍል ላይ ነው? የሚል ነው። የአንገት ሐብል መቆለፊያ ሲሰበር በሌላ ይተካል። በአዲሱ መቆለፊያ ላይ 750 ቢጻፍ የሚመሰክረው ስለ መቆለፊያው እንጂ ስለ ሐብሉ አይደለም። ቀለበትም ሲሰፋ በመካከሉ ሌላ ቁራጭ ይገባበታል። ስለዚህ መበየጃውን በአጉሊ መነጽር መፈለግ፣ በሁለቱም ወገን ያለውን ቀለም ማስተያየት ያስፈልጋል።

ቁጥር ሁሉ የወርቅ ቁጥር አለመሆኑንም ልብ እንበል። 925 የብር ደረጃ ነው፤ ላዩ ቢያብረቀርቅም ጌጡ ወርቅ የተቀባ ብር ነው። በአሜሪካ ጌጦች ላይ «አንድ ሃያኛ፣ 12 ካራት» የሚል ጽሑፍ «ጂ ኤፍ» ከሚሉ ፊደላት ጋር ሲገኝ፣ ወርቁ በሌላ ብረት ላይ የተለበጠ መሆኑን ያመለክታል። ከጠቅላላው ክብደት አንድ ሃያኛው ብቻ የ12 ካራት ወርቅ ነው። ስለዚህ በ20 ግራም ጌጥ ውስጥ ያለው ንጹሕ ወርቅ ግማሽ ግራም ነው። ጽሑፉ አልዋሸም፤ የሚሳሳተው 12 የሚለውን ብቻ አይቶ የሚያልፈው ነው።

ሦስተኛው ጥያቄ፣ ብረቱ ከምልክቱ ጋር ይስማማል ወይ? የሚል ነው። ማግኔት ብቻውን አይበቃም፤ መዳብም ናስም ብርም በማግኔት አይሳቡም። በውኃ ውስጥ መዝኖ እፍጋትን ማስላት ጥሩ ዘዴ ነው፤ የንጹሕ ወርቅ እፍጋት 19.3፣ የብር 10.5 ነውና። ነገር ግን ተንግስተን የሚባለው ብረት እፍጋቱ ከወርቅ ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ በዚህ መንገድ አይለይም። በመፈተኛ ድንጋይ ላይ ጭሮ በአሲድ ማየትም ሆነ ዛሬ በራጅ ጨረር የሚሠራው መሣሪያ ከሁሉ በፊት የሚያነቡት ላዩን ነው። የመጨረሻውን ፍርድ የሚሰጠው አሁንም ጥንታዊው የእሳት ፍተና ነው፤ ይኸውም ከጌጡ ናሙና መቁረጥን ስለሚጠይቅ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ አይደረግም።

የተከበራችሁ ወገኖቼ፤ ምልክት ስለሌለው ጌጥ ሳልናገር ባልፍ ንግግሬ ጎዶሎ ይሆናል። በአገራችን አንጥረኛ ሲሠራ የኖረው ማኅተም እየመታ አልነበረም። ዋስትናው ስሙና የሚያውቁት ሰዎች እምነት ነበር። ብዙ ጊዜም ሥራውን ያዘዘው ሰው ብረቱን ራሱ ያመጣ ነበር። 28 ግራም ገደማ የሚመዝነውና ከሺህ 833 እጅ ብር የሆነው የማሪያ ቴሬዛ ጠገራ ቀልጦ መስቀልና ድሪ ሆኗል፤ አንዳንዱም ላዩ ወርቅ ተቀብቷል። እንዲህ ያለውን ጌጥ ምልክት ስላጣን «የማይረባ» ብንለው፣ ወይም ለግራሙ ብቻ ብለን ወደ ማቅለጫ ብንልከው፣ የአንጥረኛውን እጅ ሥራ ለዘለዓለም እናጠፋዋለን። የምልክት አለመኖር ዝምታ ነው፤ ዝምታ ደግሞ በማንም ላይ ምስክርነት አይደለም።

ስለዚህ አንድ ሐሳብ ለማኅበራችን አቀርባለሁ። ለውርስ ክፍፍል ግምት በምንሰጥበት ወረቀት ላይ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ይኑሩ። በአንደኛው «ተጽፎ የተገኘ» ብለን ምልክቱንና የተመታበትን ቦታ እንመዝግብ። በሁለተኛው «ተፈትኖ የታወቀ» ብለን የፍተናውን ዘዴና ውጤት እንጻፍ። ያልተፈተነ ከሆነም «አልተፈተነም» ብለን በግልጽ እናስፍር። ከዚህ ጋር ክብደቱና ፎቶግራፉ ይያያዝ። ከመቅለጡ ወይም ከመጠገኑ በፊት ፎቶግራፍ ያልተነሣ ጌጥ ከሱቃችን አይውጣ።

ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና አንዲት አጉሊ መነጽር ነው። ወራሾች ወደ እኛ የሚመጡት ወላጆቻቸው የተዉላቸውን ነገር ምንነት እንድንነግራቸው ነው። የምናየውንና የምናውቀውን ለይተን ብንነግራቸው፣ ቃላችን በጌጡ ላይ ከተመታው ማኅተም ያላነሰ ዋጋ ይኖረዋል።