አዲስ ሥራ በአንድ ሰው ራስ ላይ አይቆምም
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ምሽት እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ «በድርጅቶች ውስጥ አዲስ አሠራርንና ዘመናዊ አመራርን ስለ ማስፋፋት» የሚል ነው። ርእሱ ሰፊ ስለ ሆነ በአየር ላይ እንዳይቀር በማለት አንድ የታወቀ ቦታ መርጠናል፤ ይኸውም መተማ ዮሐንስና በዙሪያው ያለው የምዕራብ ጎንደር ቆላ ነው። ይህን ቦታ የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ከመካከላችን ብዙዎቹ ትምህርታቸውን ሲፈጽሙ በግብርና ጽሕፈት ቤት፣ በጤና ጣቢያ፣ በኅብረት ሥራ ማኅበር ወይም በጉምሩክ ተመድበው የሚያገለግሉት እንዲህ ባለ ቦታ ነው። ሁለተኛ፣ መተማ የድንበር ከተማ በመሆኗ ያለፈው ዓመት ዕቅድ ለዘንድሮ አይበቃትም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ የብዙ አገር ሰው በዚያች በር ወደ አገራችን ገባ። እንዲህ ያለውን ነገር አስቀድሞ በዕቅድ ላይ ጽፎ መጠበቅ የሚቻል አይደለም።

ልንናገር የተነሣነው አሳብ አንድ ነው። አዲስ አሠራር በአንድ ብርቱ ሰው ራስ ላይ ብቻ የቆመ እንደ ሆነ፣ ያ ሰው በታመመ፣ በተዛወረ ወይም በተሻረ ቀን አብሮት ይወድቃል። ስለዚህ ዘመናዊ መሪ የምንለው ትእዛዝ የሚያበዛውን ወይም ቢሮው ያማረውን ሳይሆን፣ እርሱ በሌለበት ቀን ሥራው እንዲቀጥል አድርጎ የሚያደራጀውን ነው።

ይህን ነገር የመተማ ታሪክ ራሱ ያስተምረናል። መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ጦር የድርቡሾችን ቅጥር ጥሶ በገባና ድሉ ወደ እርሱ ባዘነበለ ሰዓት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በጥይት ተመቱ። የንጉሠ ነገሥቱ መቁሰል በተሰማ ጊዜ ጦሩ ተፈታ፤ ሊጨበጥ የነበረውም ድል ከእጅ ወጣ። ይህን የምናነሣው የወደቁትን ለመንቀፍ አይደለም። ንጉሡ ከሠራዊታቸው ጋር ተሰልፈው መውደቃቸው እስከ ዛሬ ያስከብራቸዋል። ነገር ግን የዚያ ዘመን የጦር ሥርዓት የሠራዊቱን ልብና የትእዛዙን መንገድ ሁሉ በአንድ ሰው ሕይወት ላይ ያሰረ ነበር። የዛሬውን መሥሪያ ቤት ለመፍታት ደግሞ ጥይት እንኳ አያስፈልግም፤ የአንድ ኀላፊ የዝውውር ደብዳቤ ይበቃል።

አሁን ከዚህ የተለየ ምሳሌ እንመልከት። በ1945 ዓ.ም. በደንቢያ ሜዳ የወባ ወረርሽኝ ተነሥቶ ብዙ ሺህ ሰው ፈጀ። በዚያ ጊዜ ሐኪም በአገሩ እጅግ ጥቂት ነበር። «ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ» ማለት ይቻል ነበር፤ ነገር ግን በ1947 ዓ.ም. በጎንደር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሌላ መንገድ ያዘ። የጤና መኰንን፣ የኅብረተሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በአንድነት እየሠለጠኑ፣ በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ እንዲወጡ ተደረገ። አንዱ በሽተኛውን ያክማል፤ ሁለተኛዋ እናቶችንና ሕፃናትን ትጐበኛለች፤ ሦስተኛው ውኃውንና መጸዳጃውን ይመረምራል። ከውጭ የመጣ ድንቅ መሣሪያ አልነበረም፤ አዲስ የነበረው የሥራው ክፍፍል ነው። አገሩ ከአንድ ታላቅ ሐኪም ይልቅ ሦስት የሚደጋገፉ ሠራተኞችን መረጠ፤ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» የሚለው የአባቶች ቃል በትምህርት ቤት ሥርዓት ላይ ዋለ ማለት ነው።

ወደ መተማ እርሻ እንመለስ። ሰሊጥ ጊዜ የማይሰጥ አዝመራ መሆኑ የታወቀ ነው። ሲደርስ ዘሩን የያዘው ቅርፊት ደርቆ ይከፈታል፤ ጥቂት ቀን የዘገየ ገበሬ ምርቱን ለመሬት ያስረክባል። ታጭዶ ነዶው ቆሞ ሲደርቅ፣ ወደ ሸራው ሲወሰድና ሲራገፍም በየደረጃው ይረግፋል። ለዚህ ሥራ በየዓመቱ ከደጋው አገር እጅግ ብዙ የቀን ሠራተኛ ወደ ቆላው ይወርዳል። እንግዲህ ዘሩ የት ቦታ ላይ እንደሚረግፍ በዓይኑ የሚያየው ማን ነው? ሥራ አስኪያጁ ነውን? አይደለም፤ ነዶውን የተሸከመው ሰው ነው። ነገር ግን ይህ ሰው «ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ ብናነሣው ያነሰ ይረግፋል» ቢል የሚሰማው አለን? የሚከፈለው ባጨደው ልክ ብቻ ከሆነስ ለመናገር ምን ያተጋዋል?

የአመራር ሥራ የሚጀምረው ከዚህ ነው። መሪው ቃሉን ሰምቶ ማመን የለበትም፤ ሰምቶ መናቅም የለበትም። አንዱን ሄክታር እንደ ወትሮው፣ ሁለተኛውን በተባለው መንገድ ያሳጭድ፤ ሁለቱንም በአንድ ሚዛን ይመዝን፤ ውጤቱን በመዝገብ ይጻፍ፤ ትርፍ ከተገኘም አሳቡን ላመጣው ሰው ድርሻውን ይስጥ። ትርፍ ባይገኝ የጠፋው የአንድ ሄክታር ነገር ነው፤ ሠራተኛው ግን ለመናገር እንደ ተፈቀደለት ያውቃል። ይህን ለማድረግ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ሚዛን፣ መዝገብና የሚሰማ ጆሮ ነው።

ሰሊጡ ከእርሻው ሲወጣም የአሠራር ነገር ይከተለዋል። በአዋጅ ቁጥር 550/1999 የተቋቋመውና በዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን መሪነት በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. ግብይት የጀመረው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ፣ ኋላም ሰሊጥን በገበያው ውስጥ ሲያስገባ፣ በመተማ መጋዘን ነበረው። የአሠራሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ምርቱ ናሙና ተወስዶለት ደረጃ ይወጣለታል፣ ይመዘናል፣ ባለቤቱም የመጋዘን ደረሰኝ ይቀበላል። ገዥው ሻጩን ሳያውቀው፣ እህሉንም ሳያየው በዚያ ደረጃ ተማምኖ ይገዛል። ቀድሞ በሰው ለሰው ትውውቅ ላይ የነበረው እምነት ወደ ሚዛንና ወደ ወረቀት ተዛወረ፤ ይህ ታላቅ አዲስ ነገር ነው። ነገር ግን ሰሊጡ ለምን ከአንደኛ ወደ ሦስተኛ ደረጃ እንደ ወረደበት ያልተነገረው ገበሬ፣ ወረቀቱን ሊያምነው አይችልም። ስለዚህ አዲሱን አሠራር የሚያጸናው ሕጉ ብቻ አይደለም፤ ናሙናውን ከፊቱ አስቀምጦ «ይህ ባዕድ ነገር ነው፣ ይህ የቀለሙ ጉድለት ነው» እያለ የሚያስረዳው መርማሪ ጭምር ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የመማር ነገር ነው። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት በካናዳ መንግሥት ርዳታና በዓለም አቀፉ የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም አማካይነት አንድ የገበሬውን ምርትና ገበያ የሚያሻሽል ፕሮጀክት በ10 ወረዳዎች ተካሂዶ ነበር። መተማ አንዱ ነበረ። ገበሬው፣ ነጋዴው፣ የግብርና ባለሙያውና ተመራማሪው በአንድነት እየተገናኙ እርስ በርስ እንዲማሩ፣ በወረዳውም የዕውቀት ማዕከል እንዲቋቋም ተሞከረ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ማንኛውም ፕሮጀክት የሚያልቅበት ቀን አለው። በዚያን ቀን ጥያቄው «ስንት ኮምፒዩተር ቀረ?» መሆን የለበትም፤ «ያለ አበልና ያለ ጠሪ ገበሬውና ባለሙያው ዛሬም ተቀምጠው ይነጋገራሉን?» መሆን አለበት።

በዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞ እንደሚነሣ እናውቃለን። አንደኛው «ሁሉም አሳብ ከሰጠ ሥርዓት ይጠፋል» የሚል ነው። እኛ ግን አሳብ መስጠትና መወሰን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው እንላለን። ብዙዎች ይናገራሉ፤ ኀላፊው ይወስናል፤ የወሰነበትንም ምክንያት ይገልጻል። ምክንያቱ የተገለጸ ትእዛዝ ይበልጥ ይፈጸማል እንጂ አይናቅም። ሁለተኛው «ድሃ አገር ለሙከራ የሚያጠፋው ገንዘብ የለውም» የሚል ነው። ይህ እውነት የሚሆነው ሙከራው ትልቅ ሲሆን ነው። በአንድ ሄክታር ሳይሞክር በመላው ወረዳ የሚያውጅ መሪ ነው ድሃውን አገር የሚያስከፍለው።

ከዚህ በላይ ከተናገርነው ሦስት ነገር ለጓደኞቻችን እናሳስባለን። በየተመደብንበት መሥሪያ ቤት ከወንበሩ በፊት ሥራው የሚሠራበትን ቦታ፣ ማለት እርሻውን፣ መጋዘኑንና የበሽተኛውን ሰልፍ እንይ። አዲስ ነገር ስንጀምር በትንሹ እንጀምር፤ ያልሠራውንም ከሠራው እኩል እንጻፍ። ሥራውንም ገና በመጀመሪያው ወር ለሚተካን ሰው ማስተማር እንጀምር።

ይህ ሁሉ ከዚሁ ከማኅበራችን ቢጀመር መልካም ነው። የማኅበራችን ሥራ በአንድ ጸሐፊ ደብተርና በአንድ ሊቀ መንበር ቃል ላይ የቆመ ከሆነ፣ ስለ መተማ መጋዘን ለመናገር አፋችን አይፈታም። የዘንድሮው ኮሚቴ ለሚመጣው ኮሚቴ የሠራውንና የቀረውን በጽሑፍ እንዲያስረክብ ዛሬ ለጉባኤው አሳብ እናቀርባለን። የመምህራኖቻችንን ምክርና የጓደኞቻችንን ተቃውሞ በደስታ እንቀበላለን።