የሸማኔው ዓይንና የዶርዜ ተራራ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ከተቀመጥነው መካከል በቤቱ ነጠላ ወይም ጋቢ የሌለው አይገኝም። ነገር ግን ያን ሸማ ማን እንደ ሠራው፥ ጥለቱንም ከየት እንዳገኘው የምንጠይቅ ስንቶቻችን ነን?

እኛ ይህን የጠየቅነው ካፈርን በኋላ ነው። አንድ የክፍላችን ልጅ የአባቱን ሥራ ሲጠየቅ «ነጋዴ» እያለ ይጽፍ ነበር። አባቱ በሽሮ ሜዳ የሚሠሩ የዶርዜ ሸማኔ መሆናቸው በታወቀ ጊዜ ከመካከላችን የሳቁ ነበሩ። ልጁ ግን አልተቈጣም፤ ወደ ቤቱ ወሰደን።

አባቱ እግራቸውን ከጕድጓዱ አግብተው መርገጫውን እየረገጡ፥ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ ያመላልሱ ነበር። ጥጡ ተዳምጦ፥ በደጋን ተነድፎ፥ ባዘቶ ሆኖ፥ በሴቶች እንዝርት እስኪፈተል ድረስ ያለውን ድካም አስረዱን። ከዚያም በቀይ፥ በቢጫና በጥቍር የተሠራ ዱንጉዛ ዘርግተው ስለ አገራቸው አጫወቱን።

የዶርዜ አገር ከአርባ ምንጭ በላይ፥ በጨንቻ ደጋ ነው። ከዚያ ቍልቍል ሲመለከቱ ዓባያና ጫሞ ሐይቆች ጐን ለጐን ይታያሉ። ዓባያ ደፍርሶ ቀላ ያለ ነው፤ ጫሞ ግን ወደ ሰማያዊ ያደላል፤ በመካከላቸውም የእግዜር ድልድይ የሚባለው መሬት እንደ ጥለት ይለያቸዋል። ቤቱ ደግሞ የቀርከሃ ነው። ቀርከሃው ተሰንጥቆ፥ አንዱ ባንዱ ላይ እየተላለፈ እንደ ቅርጫት ይሠራል፤ ምስጥ እግሩን ሲበላው ከሥሩ እየተቈረጠ ዝቅ ይላል እንጂ ወዲያው አይፈርስም። እንግዲህ የዶርዜ ልጅ ድርና ማግን የሚያውቀው ከሸማ በፊት ከቤቱ ግድግዳ ነው።

እኒያ አባት ጥለት ሲጥሉ ሥዕል ከፊታቸው አያኖሩም። ቀለም ሲመርጡ ግን በልጅነታቸው ከብት ሲጠብቁ ያዩትን እንደሚያስቡ ነገሩን፤ አረንጓዴው የእንሰቱ ቅጠል፥ የነጩም ስፋት ማለዳ ደጋውን የሚሸፍነው ጉም ነው አሉ።

ዛሬ ጥለት የታተመበት የፋብሪካ ጨርቅ በርካሽ ይሸጣል። ሸማኔ የብዙ ቀን ድካሙን በዚያ ዋጋ ሊሸጥ አይችልምና፥ ልጆቹ ሙያውን ቢተዉ አንፈርድባቸውም። የሚያስተዋቸው ዋጋው ብቻ ሳይሆን የኛም ሳቅ ከሆነ ግን በደሉ የኛ ነው።

ጓደኛችን ዘንድሮ በመዝገቡ ላይ «ሸማኔ» ብሎ ጽፏል። እኛም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ስንል፥ ድሩን የሚዘረጋውንም ሰው አብረን እናክብር።