ክብደት መቀነስና የባለትዳሮች ኑሮ

የዛሬው ትምህርታችን አመጋገብን በማስተካከል ክብደት መቀነስ ለኑሯችሁ ምን እንደሚጠቅም ነው።

በአምቦም ሆነ በጉደር፣ በጌዶም ሆነ በጊንጪ «ተመችቷት ወፈረች» ማለት ምስጋና ነው። አራስም በገንፎና በቅቤ ትጠገናለች፤ መልካም ባህል ነው። ውፍረት ከልክ ሲያልፍ ግን ጉልበት ያማል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ያጋልጣል፣ የወር አበባን ያዛባል። ግፊቷ ከፍ ያለ እናት ኤስትሮጅን ያለበትን የወሊድ መከላከያ እንክብል እንድትወስድ አይመከርም፤ ሌላ ዘዴ መምረጥ ይኖርባታል።

እናቶች በኀፍረት የሚደብቁት ሌላም ችግር አለ። ሲያስሉ፣ ሲስቁ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ሽንት ያመልጣቸዋል። በዚህ ምክንያት ከለቅሶና ከማኅበር የሚቀሩ፣ ከባላቸው መኝታ የሚሸሹ አሉ። በ2001 ዓ.ም. በአሜሪካ ታትሞ የወጣ ጥናት፣ አመጋገባቸውን አስተካክለውና አካላቸውን አንቀሳቅሰው ከክብደታቸው 8 ከመቶ ያህል የቀነሱ ሴቶች ሽንት የሚያመልጣቸው ጊዜ በ47 ከመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ትምህርት ብቻ ባገኙት ላይ የቀነሰው 28 ከመቶ ነበር። 80 ኪሎ ለምትመዝን እናት 8 ከመቶ ማለት 6 ኪሎ ተኩል ያህል ነው።

ይህ በረኃብ አይገኝም። ቁርስና ምሳ ዘሎ ማታ በእጥፍ መብላት አይጠቅምም። ጾምም ቢሆን ወጡ በዘይት ከተጥለቀለቀ አያከሳም። እንጀራውን ቀነስ፣ ጎመኑንና ምስሩን ጨመር አድርጉ፤ ዘይቱንና ቅቤውን በማንኪያ ለኩ። የሻዩን ስኳር ቀንሱ፤ በለስላሳ ፋንታ ውኃ ጠጡ። በእግር መሄድንም ልማድ አድርጉ።

አባወራዎች ሆይ፣ በአንድ መሶብ እየበላችሁ «አንቺ ብቻ ቀንሺ» አትበሉ። ሰውነቷም መቀለጃ አይሁን። ፍቅር በጉርሻ ብዛት አይለካም፤ አብራችሁ ጀምሩ።

ሦስት ነገር አትርሱ። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ያለ ባለሙያ ምክር ምግቧን አትቀንስ። በየ3 ወሩ የሚሰጠው መርፌ በአማካይ በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል፤ ይህ ካሳሰባችሁ ከማቋረጣችሁ በፊት አማክሩን። ክብደት ሲቀንስ የተዛባው የወር አበባ ሊስተካከል፣ እርግዝናም ሊፈጠር ይችላል፤ ልጅ ለጊዜው ካልፈለጋችሁ መከላከያችሁን አስቀድማችሁ ምረጡ።

በሚቀጥለው ቀጠሮ ሁለታችሁም ኑና ተመዘኑ።