የአልማዝ ዕድሜና የተሸካሚው ዐለት ዕድሜ



በ1870ዎቹ መጀመሪያ (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በደቡብ አፍሪካዋ ኪምበርሊ ቆፋሪዎች ቢጫውን አፈር ጨርሰው ከሥሩ ካለው ጠንካራ ሰማያዊ ዐለት ሲደርሱ፣ ብዙዎቹ የአልማዙ ነገር እዚያ ላይ ያበቃ መስሏቸው ነበር። አላበቃም። ዓለም እስከዚያ ድረስ ከወንዝ አሸዋና ጠጠር ሲለቅመው የኖረው ዕንቁ፣ ከጥልቅ ፈንድቶ በወጣ የእሳተ ገሞራ ዐለት ውስጥ ተገኘ። ዐለቱን በ1887 ኪምበርላይት ብሎ የሰየመው ሄንሪ ካርቪል ሉዊስ የአልማዙንም መነሻ ለማስረዳት ሞክሯል። የቀለጠው ዐለት ወደ ላይ ሲወጣ ካርቦን የበዛበትን ጥቁር የሼል ዐለት ሰንጥቆ ያልፋል፤ ከዚያ የወሰደው ካርቦን አልማዝ ይሆናል አለ። ለዘመኑ ውሃ የሚያነሳ ሐሳብ ነበር። እኔ ግን ዛሬ የምከራከረው ለተቃራኒው ነው፦ ኪምበርላይት አልማዝን አልፈጠረውም፤ ከጥንት ጀምሮ ተሠርቶ ከቆየበት አንሥቶ ተሸክሞት መጣ እንጂ።

አፍ የሚያስይዘው ማስረጃ ያለው ዕንቁ ነጋዴው እንደ እንከን በሚቆጥረው ነገር ውስጥ ነው። አልማዝ ሲያድግ በዙሪያው ያሉትን ማዕድናት አልፎ አልፎ ውጦ ያስቀራል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚያንሱ የጋርኔት፣ የኦሊቪን፣ የክሮማይት ወይም የሰልፋይድ ፍሬዎች ናቸው። አልማዙ ካርቦን ብቻ ነው ማለት ስለሚቻል ዕድሜውን በቀጥታ መለካት አይቻልም፤ በውስጡ የታሰሩት ፍሬዎች ግን ይለካሉ። በ1984 ስቲቨን ሪቻርድሰንና ባልደረቦቹ ከኪምበርሊና ከፊንሽ ማዕድን ማውጫዎች አልማዞች የወጡ ጋርኔቶችን በሳማሪየምና በኒዮዲሚየም ዘዴ መረመሩ። አንዲት ፍሬ ብቻዋን ለመለኪያው እጅግ ስለምታንስ ከብዙ አልማዞች የተገኙትን አንድ ላይ ማጠራቀም ነበረባቸው። ያገኙት ዕድሜ ከ3.2 እስከ 3.3 ቢሊዮን ዓመት ነው። የኪምበርሊ ኪምበርላይት የፈነዳው ግን ከ90 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ የፊንሹም ከ120 ሚሊዮን ዓመት ባልበለጠ ጊዜ ውስጥ ነው። በዕንቁውና በተሸካሚው መካከል ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ አለ።

ኬሚስትሪውም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የነገሩ ጥልቀት በይበልጥ የሚታየውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። በአልማዝ ውስጥ የሚገኘው የማንትል (ከምድር ቅርፊት በታች ያለው ወፍራም የዐለት ንብርብር) ጋርኔት ብዙውን ጊዜ ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ቀይ ነው፤ ሲመረመርም ክሮሚየሙ ከፍ፣ ካልሲየሙ ደግሞ እጅግ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ካልሲየሙ የት ሄደ? የማንትል ዐለት በከፊል ሲቀልጥ ካልሲየምና አሉሚኒየም ቀድመው ወደ ቅልጡ ይገባሉ። ቅልጡ ተለይቶ ወደ ላይ ሲወጣ ከኋላው የሚቀረው በማግኒዚየም የበለጸገ ኦሊቪን የሚበዛበት፣ ሃርዝበርጋይት የሚባል ዐለት ነው። እንዲህ ያለ ብርቱ መቅለጥ የጥንቷ፣ ከዛሬዋ ይበልጥ ትሞቅ የነበረችው ምድር ሥራ ነው። ካርቦን የያዘ ፈሳሽ ኋላ በዚህ ቀሪ ዐለት ውስጥ ሲሰርግ አልማዝ አደገ። ስለዚህ ካልሲየም ያነሰው ጋርኔት ከአልማዙ ጋር አንድ ሰፈር የኖረ ምስክር ነው። ደቡብ አፍሪካዊው ጆን ገርኒ ይህን የካልሲየምና የክሮሚየም ልኬት የፍለጋ መሣሪያ አደረገው። ከእሱም በፊት ላሪሳ ፖፑጋዬቫ በሩሲያዋ ያኩቲያ በዳልዲን ወንዝ አካባቢ ከአሸዋው እየታጠበ የሚወጣውን ቀይ ጋርኔት ወደ ምንጩ እየተከተለች በኦገስት 1954 ዛርኒትሳ የተባለውን ኪምበርላይት አግኝታለች። ከሚታወቁት ኪምበርላይቶች አብዛኞቹ ለማዕድን ማውጫ የሚበቃ አልማዝ የሌላቸው መሆኑም ከዚሁ ጋር ይስማማል፤ ፈጣሪው ኪምበርላይቱ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባዶ ባልበዛ።

ሁሉም አልማዝ ከሃርዝበርጋይት አይመጣም። ቶማስ ቦኒ በ1899 ከደቡብ አፍሪካው ኒውላንድስ በመጣ ኤክሎጃይት ውስጥ አልማዝ ተሰክቶ አይቶ ነበር። ኤክሎጃይት የባዛልት ዓይነት ስሪት ያለው ዐለት ነው። በኤክሎጃይት አልማዞች ውስጥ ያለው የካርቦን አይሶቶፕ ከማንትሉ የተለመደ መጠን ብዙ ርቆ የሚገኝበት ጊዜ አለ፤ ከብዙዎቹ ኤክሎጃይቶች የኦክስጅን ልኬት ጋር ተደምሮ ሲታይ፣ የጥንት ውቅያኖስ ወለል ከነካርቦኑ ወደ ጥልቁ መስጠሙን ይጠቁማል። ስቲቨን ሻይሪና ሪቻርድሰን በ2011 እንዳሳዩት ከ3 ቢሊዮን ዓመት በላይ ያስቆጠሩት አልማዞች የያዙት የፔሪዶታይት (ሃርዝበርጋይት የሚመደብበት የዐለት ዓይነት) ወገን ፍሬዎችን ብቻ ነው፤ የኤክሎጃይቶቹ የሚጀምሩት ከዚያ ወዲህ ነው። በዚህም የአህጉራት መንቀሳቀስና የውቅያኖስ ወለል መስጠም መቼ እንደተጀመረ ገመቱ።

ብርቱው ተቃውሞ የሚነሣው በዕድሜው ልኬት ላይ ነው። ጋርኔቱ ቢያረጅ አልማዙ ለምን አረጀ ይባላል? ጥንታዊ ጋርኔት በወጣት አልማዝ ሊከበብ አይችልም ወይ? ይችላል፤ አንዳንድ የኦሊቪን ፍሬዎች ከአልማዙ ቀድመው እንደነበሩ የሚያሳይ የክሪስታል ጥናትም አለ። ይሁን እንጂ ጋርኔቱን ጨርሶ የማይፈልግ ሌላ ሰዓት አለን። በአብዛኞቹ አልማዞች ውስጥ በካርቦን ቦታ የገቡ የናይትሮጅን አቶሞች ይገኛሉ። መጀመሪያ የተበታተኑ ነጠላዎች ናቸው፤ በማንትሉ ሙቀት ቶሎ ጥንድ ጥንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ አራት አራት ሆነው በአንድ ባዶ ቦታ ዙሪያ ለመሰብሰብ ግን እጅግ ረጅም ዘመን ይፈልጋሉ። ይህ ስብስብ በብዙ አልማዞች ውስጥ በኢንፍራሬድ ብርሃን ይታያል። ኪምበርላይት ከጥልቁ እስከ ገጸ ምድር የሚጓዘው ቢበዛ በቀናት ነው፤ ቢዘገይ አልማዙ ግራፋይት በሆነ ወይም በሟሟ ነበር። በዚህ ጉዞ ውስጥ ናይትሮጅኑ እንዲህ ሊሰበሰብ አይችልም። አንዳንድ አልማዞችን የሚያለብሰው ጭረታማ ሽፋን ከፍንዳታው ብዙም ሳይቀድም እንዳደገ እቀበላለሁ፤ እሱም ቢሆን ያደገው በአሮጌ እምብርት ላይ ነው።

ሌላው ተቃውሞ አርጋይል የተባለው የአልማዝ ማውጫ ነው። ቶም ክሊፎርድ በ1966 አልማዝ የሚገኘው 1.5 ቢሊዮን ዓመት በሞላቸው የረጉ የአህጉር እምብርቶች ላይ ነው ብሎ ነበር። ምክንያቱም አልማዝ ከግራፋይት ይልቅ የሚጸናው በ150 ኪሎ ሜትር ገደማና ከዚያ በታች፣ ዐለቱም ለጥልቀቱ ቀዝቃዛ ሲሆን ነው፤ እንዲህ ያለ ወፍራምና ቀዝቃዛ ሥር ያላቸው እነዚህ እምብርቶች ናቸው። በምዕራብ አውስትራሊያ የሚገኘው አርጋይል ግን በእምብርቱ ጠርዝ ባለ የተጣጠፈ ቀበቶ ላይ ነው፤ ተሸካሚውም ላምፕሮአይት የተባለ ሌላ ዐለት ነው። ይህ የክሊፎርድን ደንብ ያላላዋል፤ የእኔን ክርክር ግን ያጠናክራል። አልማዙ 1.58 ቢሊዮን፣ ላምፕሮአይቱ 1.3 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ነው፤ ተሸካሚው ቢለወጥም አልማዙ ይቀድመዋል።

ስለዚህ ፈላጊው አስቀድሞ የሚጠይቀው እሳተ ገሞራ አለ ወይ ብሎ ሳይሆን፣ እሳተ ገሞራው ምን ዓይነት ማንትል አቋርጦ መጣ ብሎ ነው። በአገራችን በኢትዮጵያ፣ በሜጋና በእንጅባራ ባዛልት የማንትል ቁራጮችን ይዞ ወጥቷል፤ ማዕድናቸው በአመዛኙ ከጋርኔት ይልቅ ስፒኔል ነው። ስፒኔል ደግሞ አልማዝ ከሚጸናበት እጅግ ባነሰ ጥልቀት ላይ ያለ ማንትል ምልክት ነው። እነዚህ ቁራጮች ከአገራችን ሥር ስላለው ማንትል ብዙ ያስተምሩናል፤ አልማዝን ግን በእነሱ መንገድ መፈለግ አይገባም።