«502» ምን አስተማረን?

(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ከተደረገ ንግግር)



ዛሬ በፊታችሁ የቆምነው ዕውቀታችንን ለማሳየት አይደለም፤ ስሕተታችንን ለመናገር ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ተብሏልና።

እንደምታስታውሱት፣ መጽሐፍ መግዛት የማይችሉ ተማሪዎች ከማኅበራችን በውሰት የሚወስዱትን መጽሐፍ በድረ ገጽ እንዲጠይቁ ተወስኖ ነበር። ጥያቄው የሚዘጋው ዓርብ ማታ ነው። እኛም ማክሰኞ ሌሊት፣ ማሽኑ አርጅቷል ብለን፣ ሥራውን ሁሉ ወደ አዲስ ሰርቨር አዛወርነው። ረቡዕ ጠዋት ገጹን የከፈተ ሁሉ ግን የመጽሐፍ ዝርዝር አላየም፤ ያየው «502» የሚል ቍጥር ብቻ ነው። ይህም እስከ ሐሙስ ማታ ቆየ። ከሩቅ አገር የመጡ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች በቢሯችን በር ላይ ተሰልፈው ሲጠብቁ፣ እኛ «ትንሽ ታገሡ» ከማለት በቀር መልስ አልነበረንም።

በእነዚያ ሁለት ቀኖች ምን አደረግን? አንዱ «ኔትወርኩ ነው» አለ። ሌላው «ማሽኑ አንሷል፤ ትልቅ እንከራይ» አለ። ሦስተኛው እያጠፋ እንደ ገና ያስነሣ ነበር። ይህን የሠራው ጓደኛችን ተመርቆ ሄዷል፤ የጻፈልን አንዲት ገጽ እንኳ የለችም። እኛም ሳንጠይቀው ሸኘነው።

አሁን ነገሩን ከሥሩ እንመልከት። ድረ ገጻችን የተሠራው በፓይተን ቋንቋ፣ ጃንጎ በተባለው መሣሪያ ነው። ከውጭ የሚመጣውን ጥያቄ ሁሉ በመጀመሪያ የሚቀበለው ግን ኤንጂንኤክስ ነው፤ እርሱ እንደ በር ዘበኛ ነው። ዘበኛው ፓይተን አያውቅም። እንግዳውን ተቀብሎ፣ ጉኒኮርን ለተባለው የውስጥ አለቃ ያስተላልፋል፤ ጥያቄውንም በጉኒኮርን ሥር ያሉት ሠራተኞች ተቀብለው ይሠሩታል። ዘበኛውና አለቃው የሚገናኙት ሶኬት በሚባል ፋይል ነው፤ የመብራቱን ሶኬት ማለታችን አይደለም። እንግዲህ «502» ማለት ዘበኛው «እኔ በሥራዬ ላይ ነኝ፤ ከውስጥ ግን ደኅና መልስ አላገኘሁም» ማለቱ ነው። ስለዚህ ኔትወርኩን መውቀሳችን ከንቱ ነበር፤ ቍጥሩ ራሱ ጥያቄው እስከ በራችን መድረሱን ይመሰክራል። የጃንጎን የስሕተት ማሳያ እንክፈት ያለውም ወንድማችን ተሳስቶ ነበር፤ ጥያቄው ጃንጎ ዘንድ ሳይደርስ ጃንጎ ምን ሊናገር ይችላል?

ደግሞም ያታለለን ነገር ነበር። ኤንጂንኤክስ የማዋቀሪያ ፋይሉን እንዲመረምር ስናዘው «ደኅና ነው» አለን። ይህ ምርመራ ግን የጽሑፉን ሰዋስው ያያል እንጂ አለቃው ዘንድ የሚወስደው መንገድ ክፍት መሆኑን አያይም። ፊደሉ የታረመ ደብዳቤ ሁሉ አድራሻው ይደርሳል ማለት አይደለም።

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ አንዲት እኅታችን «የስሕተት መዝገቡን አንብባችኋል?» ብላ ጠየቀችን። አላነበብንም ነበር። በሁለት ቀን ውስጥ ያልከፈትነውን መዝገብ በሁለት ደቂቃ ከፈትነው። ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ይባል የለም?

ይህ መዝገብ የ«502»ን ምክንያት በቍጥር ለይቶ ይጽፋል። «2» ከሆነ፣ የተባለው ሶኬት በቦታው የለም ማለት ነው፤ ጉኒኮርን አልተነሣም፣ ወይም መንገዱ በስሕተት ተጽፏል። «111» ከሆነ፣ በተባለው ቍጥር በር ላይ የሚያዳምጥ የለም። «13» ከሆነ፣ ዘበኛው ወደ ሶኬቱ ለመድረስ ፈቃድ የለውም። የእኛ «13» ነበር።

ከዚያም ዘበኛውን ትተን፣ በማሽኑ ውስጥ ሆነን በራሳችን ስም ጉኒኮርንን በሶኬቱ በኩል ጠየቅነው፤ ወዲያው መለሰ። እንግዲህ ፓይተኑ ጤነኛ ነው፤ የታመመው መካከለኛው መንገድ ነው። አንድ ወንድማችን ቸኩሎ የሶኬቱን ፋይል ለሁሉ ክፍት አደረገው፤ ምንም አልተለወጠም። ለምን ቢሉ፣ ሶኬቱ የተቀመጠው በተጠቃሚው የቤት ፎልደር ውስጥ ነው። የግቢው በር ተዘግቶ የጓዳውን በር መክፈት ምን ይጠቅማል? በአሮጌው ማሽን የነበረው ኡቡንቱ ይህን ግቢ ለሌሎችም መተላለፊያ ያደርገው ነበር፤ በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር 2021 ከወጣው ከ21.04 ወዲህ ግን አዲስ የሚከፈት የቤት ፎልደር ለሌላ ዝግ ነው። እኛ አንድም ፊደል ሳንለውጥ ሥራው የቆመው ስለዚህ ነው።

ያን ጊዜ «ግቢውንም ለሁሉ እንክፈተው» የሚል ሐሳብ ተነሣ። ደግነቱ ተከለከለ፤ በዚያ ግቢ ውስጥ የመረጃ ቋቱ የይለፍ ቃል አለ፤ በእርሱም በኩል የችግረኛ ተማሪዎች ስምና ስልክ ይገኛል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ትክክለኛው መፍትሔ ሶኬቱን ከቤት አውጥቶ፣ ለእንዲህ ያለ ጊዜያዊ ፋይል ወደ ተዘጋጀው የስርዓቱ ፎልደር መውሰድ፣ ያንንም ሲስተምዲ በየተነሣ ቍጥር እንዲፈጥረው ማዘዝ ነው። ሥራው አሥር ደቂቃ አልፈጀም። ጊዜውም እስከ ሰኞ ተራዘመ።

ሌሎቹን ቍጥሮች ባጭሩ እንንገራችሁ። «413» ከመጣ፣ የተላከው ፋይል ከተፈቀደው በልጧል፤ ኤንጂንኤክስ ካልተነገረው በቀር ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም። «504» ከመጣ፣ ዘበኛው መልስ ጠብቆ ታክቶታል፤ ልማዱ 60 ሴኮንድ ነው። ጉኒኮርን ግን በልማዱ 30 ሴኮንድ ዝም ያለውን ሠራተኛ ስለሚያስወግድ፣ የዘገየ ሥራ ብዙ ጊዜ በ«502» ይገለጣል። ገጹ ያለ ቀለምና ያለ ሥዕል ራቍቱን ከመጣ ደግሞ፣ እነዚያን ፋይሎች ዘበኛው ራሱ እንዲያድል አልታዘዘም ማለት ነው።

ወንድሞችና እኅቶች፤ ሁለት ቀን ያባከነው ማሽኑ አይደለም። ያባከነው በመዝገብ ፈንታ በግምት መሥራታችንና ዕውቀቱን በአንድ ሰው ራስ ውስጥ ትተን መቀመጣችን ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚያውቀው ሥራ የማኅበር ሥራ አይባልም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንድትወስኑልን እንለምናለን፤ አንደኛ፣ የሰርቨሩ አሠራር በደብተር ተጽፎ በቢሮው ይቀመጥ፤ ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ ቢያንስ ሁለት ሰው፣ አንዱም ከታችኛው ዓመት፣ ሥራውን ይማር፤ ሦስተኛ፣ የመዝጊያ ቀን በቀረበበት ሳምንት ማሽን አይዛወር።

የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ እኛ ጽፈናል። እንዲህ ይላል፦ «ከመገመትህ በፊት መዝገቡን አንብብ።» ሁለተኛውን ገጽ ማን ይጽፋል?